የመዘግየት ምክንያት

ሴትዮዋ ከሰሚት በታክሲ ተነስተው፣ ሰምሃል ፒያኖ ወደምታስተምርበት የቦሌ ክፍል ሁልጊዜ ቀድመው ይደርሳሉ። ጡረታ ከወጡ ቢቆዩም ሰማያዊውን የሥራ ኮታቸውን አልተዉትም፤ የተቀየረው አዝራሩ ብቻ ነው። ጫማቸውን አውልቀው ጎን ለጎን ያስቀምጡና ያማትባሉ፤ ከዚያ በካልሲ ፔዳሉን ይረግጣሉ።

ስህተት አይሠሩም። ችግሩም እሱ ነው። ሆድ የሚያባባውን የስንብት ዜማ፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት ዝንፍ ሳይሉ ይጫወቱታል።

"እዚህ ጋ ትንሽ ይዘግዩ" ትላቸዋለች ሰምሃል፣ ከፍ ያለችውን ኖታ እያሳየቻቸው። "ግራ እጅዎ ይሂድ፣ ቀኝዎ ይቆይ።"

"ለምን?"

"ስሜቱ እንዲወጣ።"

"ልጄ፣ እኔ ኤርፖርት የበረራ ማስታወቂያ ስናገር ነው ያረጀሁት። መዘግየት ምክንያት ይፈልጋል።"

ዜማው በሰዓቱ ሲነሳና በሰዓቱ ሲያርፍ ከረመ።

ትናንት ግን እዚያችው ቦታ ሲደርሱ ቀኝ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ግራው ብቻውን ትንሽ ሄደ፤ ቀስ አለና ጠበቀው። ኖታዋ መጣች፤ ከመዘግየቷ ይልቅ መምጣቷ የሚገርም እስኪመስል ድረስ ለስለስ ብላ።

"ምን አዘገየዎት?" አለቻቸው ሲጨርሱ።

ሴትዮዋ ጫማቸውን አጠለቁ፣ የኮታቸውን አዝራር ቆለፉ። ከዚያም ደስታም ኀዘንም በሌለበት በዚያ የማስታወቂያ ድምፃቸው፣

"ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት" አሉ።