ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ዛሬ ከኮምፒውተሬ ሆድ ያወጣሁት አቧራ አንድ ትራስ ይሞላል!

ሃርድ ዲስኩ ሰሞኑን ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሮ ነበር። የልጄ የክርስትና ፎቶዎች ያሉት ደግሞ እሱ ላይ ብቻ ነው። (አትስደቡኝ፤ ሚስቴ ስድቡን ጨርሳዋለች።)

ዲስኩን ፈትቼ ሰሜን ክፍለ ከተማ ወዳለ ጥገና ቤት ሮጥኩ። ባለሙያው ፎቶዎቹን እንደምንም ወደ አዲስ ዲስክ ገለበጠልኝና «ሙቀት ነው የጎዳው። ኮምፒውተሩ አየር አያገኝም እንዴ?» አለኝ።

አከራያችን አደይ ለተብርሃን (አደይ በትግርኛ እናቴ እንደማለት ነው)፣ አቧራ እንዳይገባበት ብለው ገበር ያለው ዳንቴል ሠርተው ካለበሱት ሁለት ዓመቱ ነው። መጋሉን አውቃለሁ። ግን በየቀኑ ብቅ እያሉ ሲያስተካክሉለት እያየሁ እንዴት ላውልቀው?

ቤት ገብቼ አዲሱን ዲስክ አሰርኩ። አንድ ብሎን ተርፎኛል፤ ከየት እንደሆነ አልመረመርኩም። ስከፍተው ልጄ ጸበሉ ላይ አፏን ከፍታ ስታለቅስ ብቅ አለች። እኛ በሳቅ ፈረስን።

ድምፃችንን ሰምተው አደይ ገቡ። «ዋይ ጓለይ! ወይ ልጄ!» ብለው ስክሪኑን ሳሙት። እዚያው ደፈር ብዬ የዳንቴሉን ጉዳይ ነገርኳቸው።

ተቆጡ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሲታፈን ዝም ብለህ ታየዋለህ? አፍ የለህም?»

ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ከጀርባው መስኮት ያለው አዲስ ዳንቴል እየሠሩለት ነው።

እናንተስ፣ እምቢ ማለት አፍራችሁ ያቃጠላችሁት ዕቃ የለም? ብቻዬን አታስቀሩኝ።