በጆንያ የጋረድኩት ፓሽን

ከራጉኤል ጀርባ ባለው ግቢያችን አፈር የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ሲሚንቶና ቆርቆሮ ነው። እኔ ግን ግትር ነኝ። ከገበያ የገዛሁትን ፓሽን ከበላሁ በኋላ ዘሩን በአመድ አሽቼ አጠብኩ፤ ጥላ ላይ አደረቅኩ፤ አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳድሬ የቀለም ባልዲ ውስጥ ዘራሁት። በቀለ። ዓመት ሳይሞላው ሐረጉ በሲባጎ እየተሳበ ደጄን ሸፈነው፤ ሲያብብማ ልጅ የወለድኩ ያህል ተጀነንኩ።

ጎረቤቴ እህል በረንዳ ምስር የሚለቅሙ አሮጊት ናቸው። ዓይናቸው ጠጠር አያመልጠውም። አንድ ቀን በደጄ ሲያልፉ ቆም ብለው፣ «ወይ ማማሩ! እንዲህ ያለ ሐረግ አይቼ አላውቅም» አሉ። ከዓይን ያውጣው ሳይሉ አለፉ።

በሳምንቱ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ አበባው ረገፈ። ተምሬያለሁ ባይዋ እኔ ሌላ ምክንያት አልፈለግኩም። ጆንያ ቀድጄ ሐረጉን በመተላለፊያው በኩል ጋረድኩት። ምስማር ስመታ በራቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኛል።

«ፀሐይ በዛበት እንዴ ልጄ?»

«አይ እትዬ፣ ዓይን ነው የበዛበት።»

ምላሴን በቆረጠው!

ከዚያ ቀን ወዲህ በደጄ ማለፍ ተዉ። በዚያ በደከመ ጉልበታቸው የጓሮውን ደረጃ ወጥተው፣ በሽንት ቤቱ በኩል ዞረው መውጣት ጀመሩ። አየሁ፤ አልከለከልኳቸውም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ስናገረው ፊቴ ይቃጠላል።

ሐረጉ ግን ከጆንያው ጀርባ ባሰበት። ቦታ ልቀይርለት ባልዲውን ሳዘነብለው የገማ ውሃ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ለካ ታቹን አልበሳሁትም። ጠዋት ማታ እያጠጣሁ ሥሩን ያበሰበስኩት እኔው ነኝ። በጋለ ምስማር በሳሁት፤ ጆንያውን አወረድኩ፤ ሐረጉ ቀስ በቀስ አገገመ። ይቅርታ ለመጠየቅ ግን አፈርኩ። ፍሬ ሲይዝ ይዤ እሄዳለሁ እያልኩ ወራት አሳለፍኩ፤ እሳቸው በሽንት ቤቱ በኩል ይዞራሉ።

የመጀመሪያዎቹ ፓሽኖች በስለው ሲወድቁ በሳህን ይዤ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ባልዲውን ሳልበሳው ቀርቼ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ይቅር ብያለሁ ልጄ፤ እግዜር ይስጥሽ» ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ፍሬውን ግን አላዩትም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር።

«ይምጡና ሐረጉን ይዩታ» አልኳቸው።

«አይ፣ ደህና ከሆነ ይበቃኛል» አሉ። ዛሬም በሽንት ቤቱ በኩል ነው የሚዞሩት።