ለብቻው የቀረበው ሳህን

ይህ የሆነው አምና በጥር ወር፣ ከቢቸና ብዙም በማይርቀው የትውልድ መንደሬ ነው። ዓመት አልፎታል፤ ንዴቱ ግን አልበረደልኝም።

ሞጣ በአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሠርቼ ጡረታ ስወጣ ወደ መንደሬ ተመለስኩ። ያለ እድር አይኖርምና በወሩ ተመዘገብኩ። እድራችን ጥሩ ነው ይባላል። ሰው ሲሞት ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ መቃብር ይቆፍራሉ። እኛ ሴቶቹ ከየቤታችን እንጀራና ወጥ ይዘን ሦስት ቀን ለቅሶ ቤት እንውላለን። ሐዘንተኛ ብቻውን አይበላም። የሴቶቹ አዛዥ ከትሪው ቆርሳ ታጎርሰዋለች፤ ሌሎቻችንም ከዚያው እንቆርሳለን። በደንቡ ላይ የተጻፈ ነው።

ታረቀኝ የመንደሩ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ ያልሠራለት ገበሬ የለም። ሚስቱ ውዴ ሸክላ ትሠራለች። ሁለቱም እድሩ ሲቋቋም ጀምሮ አባል ናቸው። ቡዳ ናቸው እየተባለ እንደሚወራባቸው አውቃለሁ፤ የድሮ ሰው ወሬ ነው ብዬ ትቼው ነበር።

ታረቀኝ ሲሞት ቀብሩ ምንም አልጎደለበትም። ወንዶቹ ተሸከሙት፣ ቄሶቹ ፍትሐቱን አደረሱ። እድር ማለት ይህ ነው አልኩ በሆዴ።

ከቀብር መልስ ምግብ ቀረበ። እንጀራው በየቤታችን የተጋገረ፣ ወጡም በእኛው እጅ የተሠራ ነው። አዛዣችን እናኒ በትልቁ ትሪ ለእኛ ዘረጋች። ከዚያ በትንሽ ሳህን ጥቂት ለይታ ውዴ ፊት አስቀመጠችና ተመልሳ ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ያጎረሳት የለም።

ወደ እናኒ ጠጋ ብዬ ደንቡን በቀስታ አስታወስኳት። እሷ ድምፅዋን ዝቅ እንኳ አላደረገችም።

«እትዬ፣ እርስዎ ከተማ ስለኖሩ ነው። ድንኳኑን ሰጠን፣ ቀበርን። ከአንድ ትሪ መብላቱ ግን ይቅርብን።»

አጠገቧ ያለችው ደግሞ፣ «ቢታመሙ ማን ያስታምምዎታል? ልጆችዎ ሩቅ ናቸው» አለችኝ። ሁለት ሦስቱ ሳቁ። ለቅሶ ቤት ውስጥ።

ውዴ ሁሉንም ትሰማለች። ሳህኑን ዞራ አላየችውም።

«ይተዉዋቸው እትዬ» አለች። «እኔስ ለምጄዋለሁ። ዛሬ እንኳ ለእሱ ሲሉ አብረውኝ ይቀምሳሉ ብዬ ነበር።»

ብድግ አልኩ። ትሪውን ከእነ እንጀራው ተሸክሜ ውዴ ፊት አስቀመጥኩት። አጎረስኳት፤ እኔም ከዚያው በላሁ። ከሃያ ሴት አንዲትም አልተጠጋችንም። ጾማቸውን ወደየቤታቸው ሄዱ።

በሳምንቱ ለቅሶ በትነዋል ተብዬ በእድሩ ስብሰባ ላይ ቆምኩ። ይቅርታ ይጠይቁ አሉኝ። መጀመሪያ ደንቡን አንብቡልኝ አልኩ። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የገለጠው ግን የለም። ስብሰባው እንዲሁ ተበተነ።

ልውጣ ብዬ አስቤ ነበር። ውዴ «እርስዎም ከወጡ ማን አለኝ?» ስላለችኝ ቀረሁ።

አሁን የሚያበግነኝ እናኒ አይደለችም። እሷ ያመነችውን በአደባባይ ተናገረች። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሴቶች በየተራ፣ ሰው እንዳያያቸው እየተጠነቀቁ ቤቴ መጥተዋል። እነሱ በወሬው እንደማያምኑ፣ ሊበሉ ፈልገው ሰው ምን ይለናል ብለው እንደተዉት ነገሩኝ። ለሦስቱም አንድ ነገር ብቻ መለስኩላቸው።

«ይህን ለውዴ ንገሯት።»

ቤቷ ከእኔ ቤት ቀጥሎ ነው። እስከ ዛሬ አንዳቸውም አልሄዱም።