ወንድሜ ያሳየኝ መቅደላ

መካነ ሰላም ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ አስተምሬያለሁ። የመቅደላን አምባ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሣልኩት አላውቅም፤ ዙሪያውን ገደል፣ አናቱን ሜዳ፣ በአንድ በኩል ጠባብ መውጫ። ተማሪዎቼ ገልብጠውት፣ ተፈትነውበት ያልፋሉ። የእኔ እግር ግን ረግጦት አያውቅም። ለከርሞ፣ ለከርሞ ስል ግፊት የሚሉት በሽታ ዓይኔን ያዘኝ። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ጨለመ፣ በኋላ መሐሉም ተከተለ። ደሴ ሄድኩ፣ አዲስ አበባ ሄድኩ። ሐኪሙ "ዘግይተዋል" አለኝ፤ ሌላ የጨመረልኝ ቃል የለም።

መቅደላ ለእኔ የመማሪያ መጽሐፍ ወሬ ብቻ አልነበረም። የአያቴ አባት በንጉሡ ዘመን ከቦረና ታስሮ ወደዚያ ተወስዷል። ከእስር ያመለጠ አንድ ሰው "እጁን አስረው ከገደሉ ጣሉት" ብሎ ለቤተሰቡ ነገረ ይባላል። ሬሳ አልመጣ፣ መቃብር አልተቆፈረ። በቤታችን ለሙታን ዱዓ ሲደረግ የሁሉም ሰው አፈር ይታወቃል፤ የእሱ ተራ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "የት እንደወደቀ አላህ ያውቃል" ብለው ያልፉታል። እኔ አፋፉ ላይ ቆሜ ፋቲሃ ልቀራለት እፈልግ ነበር። ማየት ባልችል መቆም አያቅተኝም።

ታናሽ ወንድሜ መርካቶ ውስጥ ነጋዴ ነው። አባታችን የሞተው እሱ ገና ዳዴ ሲል ስለነበር ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ "አንቱ" ይለኝ ነበር። ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ "አንተ" ሆንኩ። መቼ እንደጀመረው እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሐምሌ ውስጥ መኪና ተከራይቶ ድንገት መጣ። "ወንድም ጋሼ፣ ዘንድሮ አምባ አምባውን አዞርሃለሁ። መቅደላንም አሳይሃለሁ" አለኝና "አሳይሃለሁ" ባለው ራሱ ሳቀ።

"በቅሎ በማይሄድበት ክረምት በዚች መኪና?" አለች ባለቤቴ።

"በበጋ ሥራ አለብኝ። ወይ አሁን ነው፣ ወይ የለም።"

እኔ ቀድሜ ጋቢዬን ለብሼ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን የሄድነው በከላላ በኩል ወዳለ አንድ የጥንት ምሽግ ነው። መኪናዋ ዝቅ ያለች የከተማ መኪና ናት። ድንጋይ ሆዷን በነካት ቁጥር ወንድሜ "የሰው ንብረት! የሰው ንብረት!" እያለ መሪውን በጥፊ ይመታል። መንገዱ ሲያልቅ ከገበሬ በቅሎ ተከራየን፤ እኔ በበቅሎ፣ እሱ ጭቃውን በእግሩ። አናቱ ላይ ስንደርስ የቆየውን ግንብ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፌ እየዳበስኩ ሄድኩ። ዝናቡ ይወርዳል፤ ወንድሜ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ከኋላዬ ይከተላል።

"ይሄ ሁሉ መከራ ድንጋይ ለመዳበስ ነው?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት። ደስታዬ እያናደደው እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፤ ቢሆንም አልቸኮልኩለትም።

በነጋታው በጠዋት ለመቅደላ ተነሣን። ወንድሜ አኩርፏል፤ አቀስታ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረም። ከአቀስታ በኋላ ወደ ደጋው ስንወጣ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጉልበቴን ይቆረጥመኝ ጀመር። ጭጋግ ሳይኖር አልቀረም፤ መኪናዋ እንደ ኤሊ ትሄዳለች።

"ዛሬስ እኔም እንዳንተ ሆኛለሁ። አንድ ነገር አይታየኝም" አለ።

ወደ ተንታ የሚወስደውን የጠጠር መንገድ ከያዝን በኋላ ጎማው በጭቃ ይሽከረከር ጀመር። አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ ጎን ተንሸራተትን። ወንድሜ መኪናዋን አቁሞ ወረደ። ውጭ ቆሞ በስልክ ሲያወራ ድምፁ ይሰማኛል፤ የሚለው ግን አይለይም። ሲመለስ ኩርፊያው ለቆት ነበር፤ እንዲያውም ያንጎራጉራል። ትንሽ ነዳ፣ ታጠፈ፣ አንድ አቀበት ወጣ፣ ቆመ።

"ደረስን" አለ።

"የምን መድረስ? መጨረሻው በእግር አይደል እንዴ የሚወጣው?"

"እሱ ያንተ የደብተር መንገድ ነው። አሁን መኪና ይገባል፤ ተጠርጓል።"

አመንኩት። ለምን አላምነውም? እኔ የማውቀው አገር ዓይኔ በጠፋበት ቀን የቆመ ነው። ከዚያ ወዲህ የተቆረጠውን መንገድ፣ የተሠራውን ድልድይ ሰው ሲነግረኝ ነው የማውቀው።

ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ንፋሱ ከታች ወደ ላይ ይነፍሳል፤ ፊቴን የሚገርፈው ከጥልቅ ቦታ የሚመጣ ንፋስ ነው። ገደል ዳር እንዳለን አወቅኩ። ወንድሜ እጄን ስቦ አንድ የድንጋይ ካብ ላይ አስቀመጠው።

"ይሄ የንጉሡ ቤት መሠረት ነው። እዚያ ማዶ ግምጃ ቤቱ ነበር። እስረኞቹን ይጥሉ የነበረው ደግሞ እዚህ፣ ከፊትህ።"

ጫማዬን አወለቅኩ። እርጥቡ ሣር እንደ ውርጭ ያቃጥላል። እጆቼን ዘርግቼ ለአያቴ አባት ፋቲሃ ቀራሁለት። በቤታችን ተደፍኖ የኖረውን ስሙን ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠራሁት፤ "አባባ፣ መጥቻለሁ፤ የወደቅክበትን አግኝቼዋለሁ" አልኩት። አለቀስኩ። እንደዚያ ያለቀስኩት ዓይኔ የጠፋ ጊዜ እንኳ አይደለም። በመሐል ከኋላዬ አንድ ቀጭን የሴት ሳቅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ከስልክ ውስጥ የሚወጣ፣ ወዲያው የታፈነ። ንፋስ ነው ብዬ ዱዓዬን ቀጠልኩ።

ጫማዬን ሳጠልቅ የበጎች ኮቴ ሰማሁ፤ ከዚያ የሴት ድምፅ።

"አሰላሙ አለይኩም። ምነው በዚህ ብርድ? መኪናው ተበላሸባችሁ?"

"ወአለይኩም ሰላም። ደኅና ነን፣ እቱ። መቅደላን ልናይ መጥተን ነው።"

"መቅደላን?" አለች። "መቅደላማ ገና ምኑ ተነካ! ተንታን አልፋችሁ፣ ቁልቁለቱን ወርዳችሁ፣ ከዚያ ደግሞ በእግር ነው። ይሄማ የእኛ መንደር ነው። እርስዎ የተደገፉት የበጎቼ በረት ነው፣ አባቴ።"

እጄን ከካቡ ላይ አነሣሁ። የበግ በጠጥ አሁን ሸተተኝ፤ እስከዚያ ድረስ አልሸተተኝም ነበር።

"ወንድሜ" አልኩ፣ "እውነቷን ነው?"

ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረኝ፣ እኔ በደልኩት ይመስል። "መንገዱ ተበላሽቷል! መኪናዋ የሰው ናት! ምን ላድርግ? ይሄም ገደል ነው፣ ያም ገደል ነው። ንፋሱ ያው፣ ድንጋዩ ያው። አንተ እንደሁ አታይ፤ ምን ልዩነት አለው?"

"በስልክ ከማን ጋር ነበርክ?"

"ከሚስቴ፤ በምስል።"

"ሳቀች?"

"ሳቀች። ያስቃላ! የበግ በረት አቅፈህ ስታነባ ማን የማይስቅ አለ?"

ሴትዮዋ "ያረቢ!" ስትል ሰማኋት። እኔ ካቡ ሥር ቁጭ አልኩ።

"ግባ፣ እንሂድ" አለኝ።

"መቅደላ ካልሆነ ከዚህ አልነሣም።"

"እንግዲያው ንጉሡ ይምጣና ይውሰድህ።"

በሩ ተዘጋ፣ ሞተሩ ተነሣ። ታጥፎ ይመለሳል ብዬ ጠበቅኩ። ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ጭጋጉ ዋጠው። ወዲያው በረዶ መዝነብ ጀመረ፤ ጠጠሩ ራሴን ይቀጠቅጠኛል። በድንጋጤ ስነሣ ከዘራዬ ከእጄ አመለጠኝ፤ ቁልቁል ሲንኳኳ ተሰማኝና የሆነ ቦታ ላይ ቆመ። ሴትዮዋ እጄን ይዛ "አብሽር፣ አባቴ፣ ቤቴ ቅርብ ነው" እያለች ጎተተችኝ።

ባሏ ኩታበር ገበያ ወርዶ አልተመለሰም። አጎዛ ላይ አስቀመጠችኝ፣ እሳቱን አቀጣጠለች፣ እርጥብ ጋቢዬን ገፍፋ ባና ደረበችልኝ። ስለ ወንድሜ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ወተት አፍልታ በዋንጫ እጄ ላይ አስያዘችኝ።

በረዶው ሲያባራ የመኪና ድምፅ መጣ። የመኪናዋ በር ተከፈተ።

"ወንድም ጋሼ! ና ግባ፣ ቀልድ ይበቃል!"

ቤቷ ከበረቱ ጥቂት ብቻ ዝቅ ያለች ናት፤ ጭጋጉ ባይኖር ያያት ነበር። እኔ እያንዳንዱን ቃል እሰማለሁ።

"ወንድም ጋሼ! የት ነህ?"

ኮቴው ወደ አፋፉ ሄደ። ቀጥሎ የሰማሁት ድምፅ የእሱ አልመሰለኝም። ከዘራዬን አገኛት። አፋፉ ጫፍ ላይ ሳትቆም አልቀረችም።

"ወንድም ጋሼ! ኧረ ወንድም ጋሼ!" ወደ ገደሉ ነው የሚጮኸው፤ ገደሉ የእሱኑ ድምፅ መልሶ ይልክለታል። መልስ ያገኘ እየመሰለው "አቤት! አቤት!" ይላል፤ እሱም ተመልሶ ይመጣበታል።

"ወንድምዎ ናቸው። ልጥራቸው?" አለችኝ ሴትዮዋ።

"ተዪው።"

"ኧረ እያለቀሱ ነው!"

"ያልቅስ።"

ወተቱን ፉት አልኩ። ትኩስ ነበር፣ ጣፋጭ። ወንድሜ አሁን "አባቴ፣ አባቴ" ይላል፤ እንደዚያ የሚለኝ በሕፃንነቱ ሌሊት ሲባንን ነበር። ድንጋይ ሲንሸራተት ይሰማል፤ ወደ ገደሉ ለመውረድ እየሞከረ ነው። በዚያች ሰዓት በአገሩ ሁሉ ያለ መሪ የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጭጋጉን፣ እርጥቡን አለት፣ የእሱን የከተማ ጫማ። ዝም ብዬ ጠጣሁ።

ሴትዮዋ ግን ተነሣች። "እኔ እንግዳ ነው ቤቴ ያስገባሁት፤ የሰው ነፍስ በእኔ ደጃፍ አይጠፋም" አለችና በሩን በርግዳ ወጣች። "እዚህ አሉ! ደኅና ናቸው! ወዲህ ይመለሱ!"

እየወደቀ እየተነሣ መጣ። ጎንበስ ብሎ ሲገባ ጭቃና ላብ ይሸታል፤ እስትንፋሱ ይቆራረጣል። ከፊቴ ቆመ። ከዚያ በጥፊ መታኝ። ዋንጫው ከእጄ ወድቆ ወተቱ እሳቱ ላይ ጢስስ አለ።

"እጅዎ ይሰበር! ዓይነ ስውር ይመታል?" ብላ ሴትዮዋ ጮኸች።

እሱ ጉልበቴ ላይ ተደፍቶ ባናውን ነክሶ ያለቅስ ጀመር። ጀርባው ይርገፈገፋል። እጄን ራሱ ላይ ማሳረፍ እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ ሕፃን እያለ እንደዚያ ነበር የማስተኛው። እጄን ግን ከአጎዛው ላይ አላነሣኋትም።

ሴትዮዋን አመስግነን ተሰናበትን። እሷ እኔን "አላህ ዓፊያ ያድርግዎት" አለችኝ፤ እሱን ምንም አላለችውም። ስንመለስ የመኪናዋ ሆድ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ወንድሜ መሪውን አልመታም።

አቀስታ ልንገባ ስንል ተናገረ።

"ስጠራህ ትሰማኝ ነበር?"

"እሰማህ ነበር።"

"ከመጀመሪያው?"

"ከመጀመሪያው።"

"ገደል ልገባ ነበር እኮ።"

"እሱንም ሰምቻለሁ።"

ሬዲዮ ከፈተ። የሚያወራው ስለ ማዳበሪያ ነበር። እስከ መካነ ሰላም ድረስ አልዘጋውም።

ለባለቤቴ መንገዱ ተበላሽቶ ተመለስን አልኳት። ጉንጬን ዳብሳ "ይሄስ ምንድነው?" ስትለኝ "ብርድ ነው" አልኳት። እሱ እራት ሳይበላ ተኛ፤ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አገር ቤት አልመጣም። በየኢዱ ይደውላል። ስለ ጤናዬ ይጠይቃል፣ ስለ ልጆቹ እጠይቃለሁ፣ ሚስቱ ከጎኑ ሆና ሰላምታ ትልካለች፤ ሰላምታዋን እቀበላለሁ። ስልኩን ማን ቀድሞ እንደሚዘጋው አላውቅም፤ ሁለታችንም የምንቸኩል ይመስለኛል።

መቅደላን እስከ ዛሬ አልረገጥኩም። ባለፈው የበጋ ወራት ተንታ ያለ አንድ ሰው በበቅሎ ላድርስዎት ብሎ ልኮብኝ ነበር። ጉልበቴ አልቻለም።