መትረየስና ታንኩ ወልድያ የገቡ ዕለት

ባለፈው እሑድ መርሳ ውስጥ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ በቴሌቪዥን ኳስ አያለሁ። የሚያስተላልፈው ሰውዬ ድንገት ድምፁን ከፍ አድርጎ «በቀኝ ክንፍ ከባድ ጥቃት! የተከላካዩን መስመር ሰብረው ገቡ!» ሲል ሻዩ ትን አለኝ። አጠገቤ የነበረው ወጣት ለቡድኔ የደነገጥኩ መስሎት ጀርባዬን መታ መታ እያደረገ «ጋሼ፣ አብሽሩ» አለኝ። ልጁ ምን ያውቃል? እኔን ትን ያስባለኝ ሳቅ ነው። እንዲህ ያለ አማርኛ በወረቀት ይዤ በመገኘቴ አንድ ቀን ታስሬአለሁ።

ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነበር። ጊዜው የወታደራዊው መንግሥት ማብቂያ ነው። ጦርነቱ ከቆቦ ወዲያ ነው ይባል ነበር፤ ወሬው ግን በየቀኑ ወደ እኛ ይጠጋል። ጎረምሳ የተባለ ሁሉ ለውትድርና እንዳይታፈስ ከገበያ ይቀራል፣ ከሠርግ ይቀራል። ከኳስ ግን አንቀርም። የመርሳ ምርጥ ቡድን ዋንጫ የሚባል ነገር በእጁ ነክቶ አያውቅም ነበር። በዚያ ጥቅምት ግን እንደ ምንም ብሎ ለፍጻሜ ደረሰ፤ ያውም ከወልድያ ጋር፣ ያውም በወልድያ ሜዳ። እኔ እንኳ ተጫዋች አይደለሁም። ኳስ ወደ እኔ ስትመጣ ዓይኔን እጨፍናለሁ። የእኔ ድርሻ ድምፄ እስኪዘጋ መጮህ፣ ደግሞም የእጅ ጽሑፌ ያምራል ስለሚባል የአሠልጣኛችንን የመምህር ታደሰን ዕቅድ በንጹሕ ወረቀት መገልበጥ ነበር።

መምህር ታደሰ ሂሳብ አስተማሪ ናቸው። ቅዳሜ ዕለት ቡድኑን ይዘው ወልድያ ሲሄዱ ኳሱን፣ ማሊያውን፣ ሎሚውን ሁሉ አስታውሰው ዕቅዱን ትምህርት ቤት ረሱት። እኔ አገኘሁትና እሑድ ጠዋት ላደርስላቸው ተነሣሁ። ያኔ ያለ ይለፍ ወረቀት መንገድ መሄድ የለም። የቀበሌያችን ጸሐፊ ደግሞ ኳስ የሚወድ ሰው ነበርና ክብር የጨመረልኝ መስሎት «ለልዩ ተልዕኮ ወደ ወልድያ» ብሎ ጻፈልኝ። ማኅተሙንም ሁለት ጊዜ መታው።

ፓፓያ በጫነ መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ፣ ራሱ ከብዶት ዘንበል ብሏል። ጥንቅሽ እያኘክሁ፣ ልጣጩን ወደ ታች እየወረወርኩ፣ በልቤ ዋንጫውን ስስም ስሪንቃ ሳንደርስ ኬላ ላይ አስቆሙን።

የኬላው አለቃ ጢማቸው የሸበተ ገበሬ ነበሩ፤ ታጣቂዎቹ አያ እንድሪስ ይሏቸዋል። ቀደም ሲል በምሥራቅ ግንባር ዘምተዋል፤ ኳስ ግን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ከመካከላቸው ማንበብ የሚችለው በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረ አንድ ታጣቂ ብቻ ነው። «ልዩ ተልዕኮ» የሚለውን ሲያነብ ሁሉም ዘወር ብለው አዩኝ። ኪሴ ተፈተሸ። ዕቅዱ ወጣ። ታጣቂው አንድ አንድ ፊደል እየለቀመ ማንበብ ጀመረ።

«መት፣ ረ፣ የስ ከመሐል ወደ ቀኝ ይዛወር። ታንኩ ከኋላ አይነቃነቅ። የወልድያ ግራ ክፍት ነው፤ በዚያ ሰብረን እንገባለን። ጥቃቱ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ይጀመራል። ይህ ወረቀት በተቃራኒ እጅ እንዳይገባ።»

የፓፓያው ሾፌር ማንም ሳይጠይቀው «ልጁን አላውቀውም» ብሎ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

«መትረየሱ የት ነው ያለው?» አሉኝ አያ እንድሪስ።

«መትረየስ ሰው ነው። አጥቂያችን ነው። መምታት ከጀመረ ስለማያቆም ነው እንዲያ ያልነው።»

«ማንን ነው የሚመታው?»

«ኳሷን።»

«ታንኩሳ?»

«እሱም ሰው ነው። ግራና ከተማ ገበያ ፍየል ይነግዳል።»

«ስንት ናችሁ?»

«አሥራ አንድ። ከተጠባባቂ ጋር አሥራ አራት።»

አያ እንድሪስ ከልባቸው አዘኑልኝ። «አንተ ልጅ፣ ወልድያ ምን ያህል ጦር እንዳለ ታውቃለህ? በአሥራ አንድ ሰው ልትገቡ?»

«እነሱም እኮ አሥራ አንድ ናቸው!»

«ለምንድን ነው ይህ ሁሉ?»

«ለዋንጫ ነው።»

«ምን ልትጠጡበት?»

«አይጠጣበትም። ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል።»

«ላ ኢላሀ ኢለላህ!» አሉና ራሳቸውን ያዙ።

ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ መሬት ላይ ሃያ ሁለት ጠጠር ደርድሬ ጨዋታውን ማስረዳት ጀመርኩ። አያ እንድሪስ መጀመሪያ ቆመው፣ ቀጥለው ቁጢጥ ብለው፣ በመጨረሻ ጠመንጃቸውን ግራር ላይ አስደግፈው በሆዳቸው ተኝተው ጠጠሮቹን ተመለከቱ። ቆየት ብለው አንዷን ጠጠር በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ሁሉ ሰው ወደ ቀኝ ነጎደ። ታንካችሁ ብቻውን ቀረ። አንድ ሰው እዚህች ጋ አድፍጦ ቢቆይሳ?»

«አይቆይም። መምህር ታደሰ በሂሳብ አስልተውታል።»

ሳቁ። «ወላሂ፣ ይህ የጦር ሰው ዕቅድ አይደለም። የጦር ሰው እንዲህ አይጃጃልም። ኳስ ነው ያልከው እውነት ሳይሆን አይቀርም። በል፣ ዕቅዱ የጅል መሆኑን እመንና ሂድ።»

በሩ ተከፍቶልኝ ነበር፤ መውጣት ብቻ ነው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «የጅል አይደለም! እጅግ ጥሩ ዕቅድ ነው! በዚህ ዕቅድ ዛሬ ወልድያን ድምጥማጧን እናጠፋታለን!» አልኩ። አንባቢው ታጣቂ ጠመንጃውን አቀባበለ።

ኬላው ላይ እንደታሰርኩ ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ሰባት ሰዓት ሆነ። ወረዳ ካስረከቡኝ ከዚያ ወዲያ ማሠልጠኛ ጣቢያ እንደምገባ አውቃለሁ። ይበልጥ የጨነቀኝ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ጨዋታው ሊያመልጠኝ መሆኑ ነበር። በመጨረሻ ዓይኔ እንባ አቅርሮ «የጅል ዕቅድ ነው» አልኩ። የገዛ አባቴን የካድኩ ያህል አፈርኩ። አያ እንድሪስ ግን ገና አልለቀቁኝም። «እንግዲህ አብረን ሄደን በዓይኔ አየዋለሁ። ኳስ ካልሆነ እዚያው አስረክብሃለሁ» ብለው አንድ መኪና አስቆሙ።

ወልድያ ሜዳ ከታጣቂ ጋር የገባ የመርሳ ደጋፊ ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም ያለ አይመስለኝም። አንድም ሰው አልሰደበኝም፤ እንዲያውም ሰፊ ቦታ ለቀቁልን። ጨዋታው ተጀምሮ ነበር። ዕቅዱን ለመምህር ታደሰ ብሰጣቸው «በቃሌ ይዤዋለሁ እኮ» ብለው ሳያዩት ኪሳቸው ከተቱት። ብዙም ሳይቆይ የወልድያ አንድ አጥቂ አያ እንድሪስ በጣታቸው ያሳዩኝ ቦታ ላይ አድፍጦ ቆይቶ አገባብን። አያ እንድሪስ ጉልበቴን መቱኝ። «አላልኩህም?»

ከዕረፍት በፊት ታንኩ በግንባሩ ገጭቶ አቻ አደረገን። ከዚያ በኋላ አያ እንድሪስ መቀመጥ ተሳናቸው። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ኳሷ ለመትረየስ ደረሰች። ያኔ ብድግ አሉና ጠመንጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ ግንባር ላይ በለመዱት ድምፅ፣ «መትረየስ በግራ! ታንኩ ይምጣ! ታንኩ ይምጣ!» ብለው ጮኹ።

ራቅ ብሎ የተቀመጠው ሰው ያየው ጠመንጃ ነው፤ የሰማው ታንክ ነው። «ታንክ መጣ!» አለ አንዱ። ከዚያ ወዲያ አቧራ ብቻ። የመስመር ዳኛው ባንዲራውን ወርውሮ ማሽላ ውስጥ ገባ፤ የመሐል ዳኛው በደረቱ ተኛ። የወልድያው በረኛ ኪሮስ ጎሉን ባዶ ጥሎ ወደ ኋላ ሮጠ። መትረየስ ኳስ ከያዘ ጆሮው አይሰማም። እየነዳ ሄዶ ባዶው ጎል ውስጥ አገባት። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲሸሽ እኔ ብቻዬን እየዘለልኩ «ጎል!» እላለሁ። አያ እንድሪስ ደግሞ «ምን ሆነው ነው የሚሮጡት?» እያሉ ይጠይቁኛል።

ዳኛው አቧራውን አራግፎ ሲነሣ «አላየሁም» አለ። ሰላም ሲሆን ይደገማል ተባለ። ጥቂት ቆይቶ ጦርነቱ እኛም ዘንድ ደረሰ፤ ጨዋታው ሳይደገም ቀረ፤ ዋንጫውም የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። እኛ መርሳዎች ሁለት ለአንድ ነው እንላለን፤ እነሱ አንድ ለአንድ። ይህን ክርክር ሠላሳ ዓመት ከማንም በላይ ጮኼ የተከራከርኩ እኔ ነኝ። ኪሮስንም «ከታንክ የፈጠነው በረኛ» እያልኩ ስሙን በየሻይ ቤቱ አንሥቼ ቀልጄበታለሁ።

አምና ወልድያ ለልቅሶ ሄጄ ድንኳን ውስጥ ጸጉሩ የሸበተ ሰው አጠገብ ተቀመጥኩ። ኪሮስ ነበር። ቦታው ባይሆንም አፌ አላስችል አለኝና «ምናለ ያን ቀን ታንክ ባትፈራ?» አልኩት።

ፈገግ አለ። «ታንክ ፈርቼ አይደለም እኮ። እናቴ ከጎሉ ጀርባ ቆሎ ትሸጥ ነበር። እግሯን ያማታል፤ መሮጥ አትችልም። ልሸከማት ነው የሄድኩት።»

«ተሸከምካት?»

«እስከ ቤት ድረስ። ቆሎዬን ደፋህብኝ እያለች መንገዱን ሙሉ በቡጢ ስትደበድበኝ ነበር።»

ሁለታችንም ልቅሶ ቤት መሆኑን ረስተን ሳቅን። ከዚያ ጨዋታ ወዲህ በዚያው መንገድ ሌላም ጦርነት አልፏል፤ ሰው ሲሮጥ ማንን ፍለጋ እንደሚሮጥ እኔም ልጆች ወልጄ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ሰው ሁሉ ወገኑን ሲፈልግ እኔ ጎል እቆጥር ነበር። አፈርኩ።

«ኪሮስ፣ ያቺ ጎል አትቆጠርም» አልኩት ጆሮው ላይ።

ይህን መርሳ ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬም ሻይ ቤት የጠየቀኝ ሁሉ ሁለት ለአንድ ማሸነፋችንን ከእኔ ይሰማል። አንባቢ ሆይ፣ አንተም በዚያ በኩል ስታልፍ እንዳታሳጣኝ።