በገዛ ቤቴ ተቆልፌ የዋልኩበት ቀን

ይህ የሆነው አምና ኅዳር ላይ ነው፣ እዚሁ ደሴ። ሰው አልሞተበትም፣ ቤት አልተቃጠለበትም። ግን እስከ ዛሬ መርፌ ላይ ክር ሳስገባ ትዝ ይለኝና ፊቴ ይግላል። እኔ ፊደል ስላልቆጠርኩ የልጅ ልጄ ሐያት ናት ስነግራት የጻፈችው። "እማዬ፣ ይሄም ይጻፍ?" እያለች ስትስቅብኝ ነው የቆየችው።

ቤቴ ቁጭ ብዬ የሰው ብርድ ልብስ እጠግናለሁ። ጠርዙ የተፈታ ቡሉኮ፣ የተቀደደ ጋቢ፣ ከሁሉም በላይ ግን ከአሮጌ ልብስ ቁራጭ እየተቀጣጠለ የሚሰፋውን ድሪቶ። ደሴ ብርድ ነውና ሥራ አላጣም። ድሪቶ ደስ ይለኛል። አንዱን ቁራጭ እያየሁ፣ ይሄ የማን ቀሚስ ነበር፣ ያ የማን ሱሪ ነበር እያልኩ በሐሳብ እሄዳለሁ። ሐያት "እማዬ ደግሞ ሄደች" ትላለች።

አንድ ቀን ዘሀራ የምትባል ሴት ከቢስቲማ መጣች። እናቷ ታመው እዚህ ሆስፒታል ተኝተዋል። የእናቷን ድሪቶ ሰጠችኝና "ጠርዙ ተፈትቷል፣ እሱን ያጥብቁልኝ" አለችኝ። ጠርዙን ብቻ ነው ያለችኝ። የኔ እጅ ግን አያርፍም። መሃሉ ላይ አንድ ቀይ ጨርቅ አለ፣ ያለቀለት። ላሳምርላት ብዬ ተርትሬ አወጣሁትና ባለ አበባ አዲስ ጨርቅ ተካሁበት። በቀዩ ጨርቅ የስፌት መኪናዬን ዘይት ጠረግሁበት።

በማግስቱ ደወለች። "እማማ፣ ሳልነግርዎ ረስቼ። ቀይዋን ጨርቅ አደራ እንዳይነኩብኝ። በልጅነቱ የሞተው ታላቅ ወንድሜ የታዘለባት ናት። እናቴ እሷን በእጇ ካልዳበሰች እንቅልፍ አይወስዳትም።"

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "እሺ ልጄ፣ አብሽሪ" አልኳት። ወላሂ፣ አፌ ብቻውን ነው የተናገረው።

"ነገ አምስት ሰዓት ላይ መጥቼ እወስደዋለሁ" ብላ ዘጋችው።

ጠዋት ሐያት ኮምቦልቻ ወደ ሥራዋ ልትወጣ ስትል "ከውጭ ቆልፊብኝና ቁልፉን ይዘሽው ሂጂ" አልኳት።

"ምነው እማዬ? ምን ሆነሻል?"

"አንቺን ምን አገባሽ፣ ቆልፊ ብያለሁ!"

ጓጉንቸሩን ያየ ሰው የለችም ብሎ ይመለሳል፣ እኔም አንድ ቀን አገኛለሁ፣ እስከዚያ መላ አላጣም ብዬ ነው። መስኮቱን ዘጋሁ። ስልኬንም አጠፋሁ።

ዘሀራ በሰዓቷ መጣች። አንኳኳች፣ ጠበቀች፣ ደግማ አንኳኳች። አሁንስ ሄደች ስል ደጃፌ ላይ ቁጭ ስትል ሰማሁ። ጎረቤቴ አልማዝም ወጣች።

"ማንን ፈልገሽ ነው እህቴ?"

"ድሪቶ የሚሰፉትን እናት።"

"እሷ እኮ ከቤት ወጥታ አታውቅም! ዛሬ ምን ነካት? በስተርጅና ባል አገኘች እንዴ?"

ውስጥ ሆኜ ከንፈሬን ነከስኩ። ዘሀራ ግን አልሳቀችም። "እናቴን ሐኪሞቹ ቤት ወስዳችሁ አስታሟት አሉን" አለች፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚወስደን መኪና አለ። እሷ ድሪቶዬን አምጡልኝ ብላ እህል እንቢ ብላለች። ባዶ እጄን ምን ብዬ ልመለስ?"

ከአልጋዬ እስከ በሩ አራት እርምጃ ነው፣ እሱን መራመድ አቃተኝ። ብራመድስ በምን እከፍተዋለሁ? ሐያት ማታ ነው የምትመለሰው።

መሬት ላይ ተቀምጬ በመስኮቱ ስንጥቅ በምትገባው ብርሃን ባለ አበባውን ፈታሁት። ቀዩን ከመኪናው ሥር አነሳሁት፣ ዘይት ጠጥቷል። እንዳላጥበው የውሃው ድምፅ ይሰማል። በመኪና እንዳልሰፋው መኪናው ይጮኻል። በእጄ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ቦታው መልሼ ሰፋሁት። ሳል ሲመጣብኝ ድሪቶው ውስጥ አፌን እደፍናለሁ። ስጨርስም መናገር ፈራሁ። አቅፌው ቁጭ አልኩ።

የቀትሩ፣ የዙህር አዛን ተባለ። ዘሀራ ከአልማዝ ውሃ ለምና ውዱእ አደረገችና እዚያው ደጄ ላይ ቆመች። እኔም ለመስገድ ተነሳሁ። ከበሩ ወዲያ እሷ፣ ከበሩ ወዲህ እኔ። "አላሁ አክበር" ልል አፌን ስከፍት ድምፄ እንቢ አለኝ። ከሰው ተደብቄ ጌታዬ ፊት በምን ዓይኔ ልቁም?

ሰላቷን ጨርሳ እስክታሰላምት ጠበቅኋትና "ዘሀራ ልጄ፣ አለሁ" አልኳት።

"በስመ አብ!" ብላ ጮኸች አልማዝ። "አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ነሽ ወይስ ሌላ?"

"ሰው ነኝ። ውስጥ ነኝ።"

"ታዲያ ማን ነው የቆለፈብዎት?" አለች ዘሀራ ደንግጣ።

"እኔው ነኝ ያስቆለፍኩት።"

"ከማን ተደብቀው ነው?"

"ካንቺ።"

መስኮቱን ከፍቼ ሁሉንም ነገርኳት። ድሪቶውን ጠቅልዬ በመስኮቱ ብረቶች መሃል ቀስ እያልኩ አሾለክሁላት፣ እሷ በወዲያ በኩል እየሳበች። ቀዩን ፈልጋ አገኘችው፣ ዘይቱን አሸተተችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"እናቴ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፣ በእጇ ነው የምታውቀው" አለች። "እኔን ያሳዘነኝ ስደውል እሺ ማለትዎ ነው። እውነቱን ቢነግሩኝ ምን አደርግዎት ነበር?"

"አፉ በይኝ" አልኳት። ድሪቶውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ እየሮጠች ወረደች። እኔ እስኪመሽ ተቆልፌ ቀረሁ። አልማዝ በመስኮት ዳቦ እያቀበለችኝ ስትስቅብኝ ዋለች።

ከሳምንት በኋላ ዘሀራ ደወለች። "እናቴ ጨርቋን ዳበሰችና፣ ይቺን ሌላ ሰው ሰፍቷታል፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ ነበር አለች" አለችኝ። "ማናት ብላ ጠየቀችኝ። አንዲት የፈራች ሴት ናት አልኳት። ዱኣ አድርጋልዎታለች።"

አሁን ድሪቶ ሲመጣልኝ መቀሱን ከማንሳቴ በፊት ባለቤቱን አስቀምጬ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ እየነካሁ ይሄስ የማን ነው እላለሁ። ሥራዬ ዘግይቷል፣ ግድ የለም።

የዘሀራ እናት አሉ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ተሽሏቸዋል። ዘሀራ "ቢስቲማ ይምጡና ይጠይቋት" እያለች ትጠራኛለች። መንገዱ ሩቅ አይደለም፣ ዘመድ ጥየቃ ከዚያም ርቄ እሄዳለሁ። እዚያ ግን እስከ ዛሬ አልሄድኩም። ገብቼ እጃቸውን ስጨብጥ፣ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁኛል።