ለብርድ በረዶ

ዛሬም እርጥብ ሲሚንቶ በሸተተኝ ቁጥር የአባዬ ሱሪ ትዝ ይለኛል። አባዬ ሴራሚክ አንጣፊ ነበር፤ ሲግናልና ወሰን አካባቢ በሚሠሩ ፎቆች ወለል ላይ ተንበርክኮ ይውልና፣ ማታ የሰፈራችንን የፈረንሳይን ዳገት ወጥቶ ቤት ሲደርስ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ደርቆ ቆርቆሮ ይመስል ነበር።

በጋውን እንደምንም ይገፋው ነበር። ክረምት ሲገባና ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ በበሩ ስር ሲሾልክ ግን ቀኝ ጉልበቱ እንደ ሊጥ ያብጥና ይግል ነበር። የበሽታውን ስም ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ብርድ። ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኮ የሚውል ሰው ሌላ ምን ሊይዘው ነው? እማዬ ጨው በጨርቅ ቋጥራ፣ ከሰል ላይ አግላ ጉልበቱ ላይ ትይዝለት ነበር፤ እሱም ጥርሱን ነክሶ «እሰይ፣ ብርዱ እየወጣ ነው» ይላል። በማግስቱ ብሶበት ያነክሳል። ሥራ ቦታው በር ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ ብሎ ይገባ ነበር፤ የሚያነክስ አንጣፊ ማን ያሠራል?

አንድ ክረምት መነሳት ሲያቅተው፣ እኔና እማዬ ደግፈን ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ወጣቷ ሐኪም ጉልበቱን ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ፣ «አባት፣ ይሄ ብርድ አይደለም። መንበርከኩ ነው ጉልበትዎን የጎዳው፤ ውሃ ቋጥሯል። ለጊዜው ይረፉ፣ አያሳሹት። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ይያዙበት። ሥራ ሲመለሱም ከጉልበትዎ ስር ወፍራም ስፖንጅ ያድርጉ» አለችው።

እማዬ ቤት እስክንደርስ ሳቋ አላባራም። «ለብርድ በረዶ! ልጅቷ ልትገድልህ ነው እንዴ?»

በዚያው ሰሞን እንጦጦ ጠቁሮ መጣና በረዶ ጣለ። በሳፋ አፍሼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ጉልበቱ ላይ አደረግኩለት። ዓይኑን ጨፈነና «አዬ ልጄ፣ ቀለለኝ» አለኝ። እማዬ ከጓዳ ብቅ ስትል አየችን፤ ፎጣውን ነጥቃ በረዶውን ደጅ ደፋችው። «አባትሽን ልትቀብሪው ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። ስለምትወደው ነው። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው፤ የምቀየመው ሰው አጣሁ።

መስከረም ሲጠባ ወጌሻ ተጠራ። ያበጠውን ጉልበት በቅቤ ሲያሸው፣ አባዬ ይጮህ ነበር፤ እኔ ውጭ ጆሮዬን ደፍኜ ቆምኩ። ከዚያ ሳይሻለው፣ ስፖንጅም ሳይዝ ሥራ ተመለሰ፤ ሁዳዴ ሲገባ ጉልበቱ መታጠፍ እምቢ አለው። ግራውም የሁለቱን ሥራ ብቻውን ሲሸከም ኖሮ ከጥቂት ዓመት በኋላ ከዳው።

አሁን አባዬና እማዬ እኔ ጋ ናቸው፤ ወለሌ ሴራሚክ ነው። ያኔ በረዶ የምናገኘው ሰማይ ሲጥልልን ነበር፤ ዛሬ ፍሪጄ ውስጥ ሞልቷል። አባዬ ግን አይፈልገውም። ጉልበቱ ማበጥ ከተወ ቆይቷል፤ የማይቆሙበት ጉልበት ለምን ያብጣል?

ክረምት ሲገባ እማዬ ዛሬም ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ ሁለቱንም ጉልበቶቹን በጋቢ ትጠቀልልለታለች፤ ብርድ እንዳይገባበት።